«አቅራቢ»፣ «አጉሊ»፣ «ተለዋዋጭ» ወይስ «ዙም»? ስለ አንድ የሌንስ ስያሜ የቀረበ ሒስ

የሙያ ቃላትን የመሰየም ሥራ ይበልጥ የሚፈተነው ነገሩ ለዓይን የሚመስለውና በእርግጥ የሚሠራው በተለያዩበት ቦታ ነው። ፀሐይ ወጣች፣ ፀሐይ ገባች እንላለን፤ የሥነ ፈለክ መምህርም ቢሆን ከሰው ጋር ሲጨዋወት ይኸንኑ ይላል። ይኸው መምህር ግን ስለ መሬት ሽክርክሪት በሚያስተምርበት መጽሐፍ ውስጥ መውጣትንና መግባትን የፀሐይ ጉዞ አድርጎ ቢያስቀምጥ ተማሪውን ያሳስታል። የዕለት ተዕለት ንግግር ለመሰለው ነገር ስም ሊሰጥ ይችላል፤ የሙያ መዝገበ ቃላት ግን ለሆነው ነገር ስም የመስጠት ግዴታ አለበት።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው አንድ መሣሪያና ስሙን ብቻ ነው። መሣሪያው በፎቶግራፍ፣ በፊልምና በቴሌቪዥን ካሜራ፣ እንዲሁም በአንዳንድ ማይክሮስኮፕና የሩቅ ማሳያ መነጽር ላይ የሚገኘው፣ በተለምዶ «ዙም» የሚባለው ሌንስ ነው። ለዚህ መሣሪያ በአማርኛ ሲሰጡት የምንሰማቸው ስሞች በርካታ ናቸው። «አቅራቢ ሌንስ» የሚሉ አሉ፤ «አጉሊ ሌንስ» የሚሉ አሉ፤ «ተለዋዋጭ ሌንስ» ወይም ሰፋ አድርገው «ተለዋዋጭ የትኩረት ርቀት ያለው ሌንስ» የሚሉም አሉ፤ ከባለሙያዎቹ ብዙዎቹ ደግሞ የውጭውን ቃል እንዳለ ወስደው «ዙም» ይላሉ። አራቱንም በተራ እንመዝናለን። ለማስረጃ የምናቀርባቸውን ዓረፍተ ነገሮች ያዘጋጀናቸው ራሳችን ነን፤ ከማንም መጽሐፍ አልቀዳናቸውም። ዓላማችን ስሕተቱን መንቀስ እንጂ ተርጓሚን መውቀስ አይደለምና።

የመሣሪያው አሠራር

አሠራሩ ላልታወቀ ነገር የሚወጣ ስም ዞሮ ዞሮ ከመልኩ ላይ የተወሰደ ይሆናል። ስለዚህ አስቀድመን የመሣሪያውን አሠራር በአጭሩ እንገልጻለን። ብርሃን ሰብሳቢ የሆነ ሌንስ ከሩቅ የሚመጣውን ብርሃን አጥፎ ከበስተኋላው ምስል ይሠራል። ሌንሱ አንድ ስስ መስተዋት ከሆነ ከእርሱ እስከዚያ ምስል ያለው ርቀት የሌንሱ የትኩረት ርቀት ይባላል። የትኩረት ርቀቱ በረዘመ መጠን ምስሉ እየተለቀ ይሄዳል፤ በፊልሙ ላይ የሚሰፍረው የትዕይንት ክፍል ግን በዚያው ልክ ይጠብባል። ስፋቱ 36 በ24 ሚሊሜትር በሆነው በተለመደው የፎቶግራፍ ፊልም ላይ፣ የትኩረት ርቀቱ 24 ሚሊሜትር የሆነ ሌንስ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን 84 ዲግሪ ያህል ያያል፤ የ50 ሚሊሜትሩ 47 ዲግሪ ያህል፣ የ200 ሚሊሜትሩ ደግሞ 12 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የሚያየው።

ተራ ሌንስ አንድ የትኩረት ርቀት ብቻ ስላለው፣ የእይታውን ስፋት ለመለወጥ የፈለገ ፎቶ አንሺ አንዱን ሌንስ ነቅሎ ሌላ መግጠም ይኖርበታል። ዙም ሌንስ ይህን ድካም የሚያስቀረው በውስጡ ያሉትን የሌንስ ክፍሎች በማራራቅና በማቀራረብ ነው። ሁለት ሌንሶች በአንድ መስመር ሲቆሙ የጋራ የትኩረት ርቀታቸው በመካከላቸው ባለው ክፍተት ላይ ይመሠረታልና።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ከፊት 100 ሚሊሜትር የትኩረት ርቀት ያለው ብርሃን በታኝ ሌንስ፣ ከኋላ 50 ሚሊሜትር የትኩረት ርቀት ያለው ብርሃን ሰብሳቢ ሌንስ እናቁም። በመካከላቸው 50 ሚሊሜትር ክፍተት ሲኖር የሁለቱ የጋራ የትኩረት ርቀት 50 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ምስሉም ከኋላኛው ሌንስ 75 ሚሊሜትር ርቆ ይሠራል። ክፍተቱ ወደ 12.5 ሚሊሜትር ሲጠብብ የጋራው የትኩረት ርቀት ወደ 80 ሚሊሜትር ያድጋል፤ ምስሉ ግን አሁን የሚሠራው ከኋላኛው ሌንስ 90 ሚሊሜትር ርቆ ነው። ፊልሙ ከቦታው ስለማይነቃነቅ፣ ሁለቱ ሌንሶች እንዲያው ቢቀራረቡ ብቻ ምስሉ ይደበዝዛል። ምስሉ ጥራቱን እንደያዘ እንዲቆይ ከተፈለገ የኋላኛው ሌንስ 15 ሚሊሜትር ወደ ፊት ሲጓዝ የፊተኛው 22.5 ሚሊሜትር ወደ ኋላ መምጣት አለበት። የሁለቱ ጉዞ በመጠንም በአቅጣጫም አንድ አይደለም።

እንግዲህ በሌንሱ ውስጥ ሁለት ተግባሮች ይከናወናሉ ማለት ነው። አንዱ የትኩረት ርቀቱን መለወጥ ነው፤ ሌላው በዚህ ለውጥ ምክንያት ምስሉ ከቦታው እንዳይለቅቅ ማካካስ ነው። በብዙዎቹ ሌንሶች ማካካሻው በቱቦው ላይ የተፈለፈለ ጠመዝማዛ ቦይ ነው፤ ቀለበቱ በተዞረ ቁጥር እያንዳንዱን ክፍል በየራሱ መንገድ ይመራዋል። በአንዳንድ ቀደምት ሌንሶች ደግሞ የሚንቀሳቀሱት ክፍሎች በአንድነት ተያይዘው የሚጓዙ ነበሩ፤ በዚህ ዓይነቱ አሠራር ምስሉ በትክክል በቦታው የሚውለው በጥቂት ነጥቦች ላይ ብቻ ሲሆን፣ በቀሩት ላይ የሚታየው መዛነፍ ዓይን እንዳያስተውለው ሆኖ እንዲያንስ ይደረጋል።

ከዚህ ለስያሜ ሥራ የሚጠቅሙ ሦስት ፍሬ ነገሮች እናገኛለን። አንደኛ፣ ካሜራውም ሆነ የሚታየው ነገር ከቦታቸው አይነቃነቁም። ሁለተኛ፣ የትኩረት ርቀቱ በሁለት ወሰኖች መካከል ሳይቋረጥ ይለወጣል። ሦስተኛ፣ ለውጡ በሚካሄድበት ጊዜ ምስሉ ከትኩረት አይወጣም። መልካም ስያሜ ሦስቱንም መናገር ባይችል እንኳ ከሦስቱ አንዱንም መቃረን የለበትም።

ቃሉ ከየት መጣ

የእንግሊዝኛው ቃል ታሪክ ራሱ ትምህርት ይሰጣል። «ዙም» መጀመሪያ ድምፅ አስመሳይ ቃል ነበር፤ እንደ ንብ ያለውን የማያቋርጥ እምምታ ያመለክት ነበር። በ1ኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አውሮፕላን አብራሪዎች ወስደው አውሮፕላን በድንገት ሽቅብ ሲወነጨፍ ይጠሩበት ጀመር። ከዚያ ወደ ካሜራ ተሻገረ፤ ምስሉ ወደ ተመልካቹ የተወነጨፈ መስሎ ስለታየ።

መሣሪያው ግን ከዚህ ስም ይቀድማል። በአሜሪካ ክሊል አለን የተባለ ሰው የዚህ ዓይነት ሌንስ የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ለፊልም ሥራ የቀረበው የቤል ኤንድ ሃወል ሌንስ ከ40 እስከ 120 ሚሊሜትር የሚደርስ ነበር፤ ስሙም «ቫሮ» ይባል ነበር፤ መለወጥን ከሚያመለክተው የላቲን ሥር የወጣ መሆኑ ነው። ከ2ኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የፍራንክ ባክ ሌንስ «ዙማር» ተብሎ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ዘንድ ታወቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1959 ደግሞ ፎይክትሌንደር በዚሁ በዙማር ስም ከ36 እስከ 82 ሚሊሜትር የሆነውን ሌንስ ለፎቶግራፍ ካሜራ አወጣ። ሁለቱን ስሞች አስተያዩልን፤ «ቫሮ» ሌንሱ ምን እንደሚያደርግ ሲናገር «ዙማር» ተመልካቹ ምን እንደሚሰማው ይናገራል። ገበያው የመረጠው ሁለተኛውን ነው። የእኛ ተርጓሚዎችም ወደ አማርኛ ያመጡት ይህንኑ የተመልካች ስሜት ነው፤ ችግሩም ከዚህ ይጀምራል።

ሀ. «አቅራቢ ሌንስ»

ይህ ስያሜ ለጆሮ የቀለለ ነው። ከቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠ ሰው ነገሩ በእርግጥ ወደ እርሱ የመጣ ስለሚመስለው ስያሜውን ሳያመነታ ይቀበለዋል። ይሁን እንጂ ሦስት እንከኖች አሉበት።

የመጀመሪያው ቀላል ነው። «አቅራቢ» የተያዘ ቃል ነው፤ ዕቃ አቅራቢ አለ፣ ዜና አቅራቢ አለ። በቴሌቪዥን ስቱዲዮ ውስጥ «አቅራቢውን በአቅራቢው አቅርበው» የሚል ትእዛዝ ቢሰጥ ካሜራ ያዡ ማንን በምን እንደሚያቀርብ ለመጠየቅ ይገደዳል። ሁለተኛው እንከን ስያሜው የሥራውን ግማሽ ብቻ መያዙ ነው፤ ይኸው ሌንስ ቀለበቱ ወደ ሌላው ወገን ሲዞር ነገሩን ያርቀዋልና፣ «አቅራቢው አራቀ» ወደማለት እንደርሳለን።

ሦስተኛው ግን ከባድ ነው። ዙም ሌንስ ምንም ነገር አያቀርብም። ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ከካሜራው 4 ሜትር፣ ሌላው 8 ሜትር ርቀው ቆመዋል እንበል። በፎቶግራፉ ላይ የቅርቡ ሰው የሩቁን እጥፍ ያህላል። የሌንሱን የትኩረት ርቀት ከ50 ወደ 100 ሚሊሜትር ብንለውጥ የሁለቱም ምስል እጥፍ ይሆናል፤ የቅርቡ ግን አሁንም የሩቁ እጥፍ ነው። ሌንሱን ሳንነካ ካሜራውን ተሸክመን 2 ሜትር ወደ ፊት ብንራመድስ? አሁን ርቀታቸው 2 እና 6 ሜትር ሆነ፤ የቅርቡ ሰው የሩቁን ሦስት እጥፍ ያህላል። በመጀመሪያው ድርጊት ሥዕሉ ሰፋ እንጂ በውስጡ ያለው የነገሮች ዝምድና አልተለወጠም፤ በሁለተኛው ዝምድናው ራሱ ተለወጠ። መቅረብ ማለት ይህ ሁለተኛው ነው።

ልዩነቱ የንባብ ቤት ክርክር ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ የታወቀ የፊልም ምሳሌ አለ። አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጣው «ቨርቲጎ» በተባለው ፊልም፣ ከፍታ የሚያስፈራው ሰው ከደረጃ ላይ ሆኖ ቁልቁል ሲመለከት የሚሰማውን ማዞር ለማሳየት፣ ካሜራው ወደ አንድ አቅጣጫ እየተጓዘ ሌንሱ በተቃራኒው እንዲሠራ ተደረገ። አንዱ ለውጥ ሌላውን በከፊል ስለሚያጣፋው የሥዕሉ ዳር በቦታው ሲቀር የደረጃው ጥልቀት ግን ተለጠጠ። ካሜራን ማስጠጋትና ሌንስን ማዞር አንድ ድርጊት ቢሆኑ ኖሮ ይህ ሥዕል ባልተሠራ ነበር። ሁለቱንም «አቀረበ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ይህን ትዕይንት «ካሜራውን እያራቀ አቀረበው» ብሎ ለመጻፍ ይገደዳል፤ አንባቢውም ትርጉም የለሽ ነው ብሎ ያልፈዋል።

የበለጠ የሚያሳስበን ግን የፎቶግራፍ መግለጫ ነው። ከ200 ሜትር ርቀት በረጅም የትኩረት ርቀት የተነሣ ፎቶግራፍ «ከቅርብ የተነሣ» ተብሎ ሲተረጎም፣ ተርጓሚው ሳያስበው ስለ ፎቶ አንሺው የሐሰት ምስክርነት ሰጠ ማለት ነው፤ ቆሞበት ከነበረው ቦታ አንሥቶ ሌላ ቦታ አቆመው። ከሩቅ በረጅም የትኩረት ርቀት በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ተራርቀው የቆሙ ሰዎች ተጠጋግተው የቆሙ ይመስላሉ፤ ጭር ያለው አደባባይ የተጨናነቀ ይመስላል። ይህን ፎቶግራፍ በጋዜጣም ሆነ በችሎት ፊት የሚመዝን ሰው በቅድሚያ ማወቅ የሚፈልገው ካሜራው የት እንደነበረ ነው። ስያሜያችን ይህን ጥያቄ እንዳይጠይቅ የሚያደርገው ከሆነ፣ ጉድለቱ ከውበት ጉድለት ያለፈ ነው።

ለ. «አጉሊ ሌንስ»

ማጉላት ከማቅረብ ይሻላል፤ ምስሉ በእርግጥ ይተልቃልና። ነገር ግን «አጉሊ መነጽር» የሚባለው፣ በእጅ ተይዞ ጥቃቅን ጽሕፈት የሚነበብበት መስተዋት፣ ስሙን ከያዘ ቆይቷል፤ እርሱም የሚያጎላው በአንድ መጠን እንጂ እየለዋወጠ አይደለም። ከዚህ የባሰው ችግር በቁጥር አተረጓጎም ላይ ይታያል። በሌንስ ላይ «10 ጊዜ ዙም» የሚል ጽሑፍ ሲገኝ፣ ተርጓሚው «ነገሩን 10 ጊዜ አጉልቶ ያሳያል» ብሎ ይጽፋል። ይህ ስሕተት ነው። ቁጥሩ የሚገልጸው ረጅሙ የትኩረት ርቀት የአጭሩ ስንት እጥፍ መሆኑን ብቻ ነው። የአንዥኒዮ ፋብሪካ ለ16 ሚሊሜትር ፊልም የሠራው ከ12 እስከ 120 ሚሊሜትር የሆነው ሌንስ 10 ጊዜ ይባላል፤ 120 ለ12 ሲካፈል 10 ስለሆነ ነው።

ሁለት ሌንሶች እናነጻጽር። አንደኛው ከ24 እስከ 72 ሚሊሜትር፣ ሌላው ከ70 እስከ 210 ሚሊሜትር ይደርሳል። ሁለቱም «3 ጊዜ» ናቸው። ሆኖም ሁለተኛው ሥራውን የሚጀምረው የመጀመሪያው ሊያቆም በተቃረበበት ቦታ ነው። «ሁለቱም 3 ጊዜ ያጎላሉ» የሚል መመሪያ የሚያነብ ገዢ የአንዱን ሥራ በሌላው እሠራለሁ ብሎ ይገዛል፤ ገንዘቡንም ይከስራል።

«ማጉላት» የሚለው ቃል ሌላም መሸፈኛ ሆኗል። በእጅ ስልክና በዲጂታል ካሜራ ላይ «ዲጂታል ዙም» የሚባለው ነገር በሌንሱ ውስጥ ምንም ነገር አያንቀሳቅስም። የሥዕሉን ዳር ቆርጦ ይጥልና የቀረውን መሐል ክፍል ዘርግቶ ያሳያል። 12 ሚሊዮን የምስል ነጥቦች ያሉት ሥዕል በዚህ ዓይነት «2 ጊዜ» ሲጎላ የሚቀሩት እውነተኛ ነጥቦች 3 ሚሊዮን ናቸው፤ የጎደለውን የሚሞላው የመሣሪያው ስሌት ነው። ብዙዎቹ ስልኮች የትኩረት ርቀታቸው የማይለወጥ ሁለት ወይም ሦስት ሌንሶች ጎን ለጎን ይዘው ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘልላሉ፤ በመካከል ያለውን ክፍተት የሚሸፍኑት በመከርከም ነው። ሌንሱ ተጨማሪ ዝርዝር የሚያመጣበትና መሣሪያው ያለውን ዝርዝር የሚለጥጥበት ሁኔታ ሁለቱም «ማጉላት» ከተባሉ፣ አማርኛችን ሻጩ ሊሰውረው የሚፈልገውን ልዩነት ሰወረለት ማለት ነው።

ሐ. «ተለዋዋጭ ሌንስ»

ይህ ስያሜ ከስሜት ወጥቶ ወደ አሠራር በመግባቱ እናመሰግነዋለን። አጭሩ ቅርጹ ግን አደገኛ ነው። በአማርኛ «ተለዋዋጭ» ራሱ የሚለወጠውንም፣ በሌላ የሚለወጠውንም ሊያመለክት ይችላል፤ «መለዋወጫ» ስንል የምናስበው ይህን ሁለተኛውን ነው። ስለዚህ «ተለዋዋጭ ሌንስ ያለው ካሜራ» ሲባል አንባቢው ሌንሱ እየተነቀለ በሌላ የሚተካበትን ካሜራ ይረዳል። ዙም ሌንስ ደግሞ የተፈለሰፈው በትክክል ይህን ነቅሎ መትከል ለማስቀረት ነበር። አንድ ስያሜ የነገሩን ተቃራኒ የሚያስረዳ ከሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ረጅሙ ቅርጽ፣ «ተለዋዋጭ የትኩረት ርቀት ያለው ሌንስ»፣ ከዚህ አሻሚነት ነጻ ነው። ርዝመቱን እንደ ዋና ጥፋት አንቈጥረውም፤ ዋናው ጥፋት የተነገረው እውነት ከፊል መሆኑ ነው። የትኩረት ርቀታቸው የሚለወጥ፣ ነገር ግን ለውጡ በተደረገ ቁጥር ምስሉ የሚደበዝዝባቸውና እንደገና ትኩረት ማስተካከል የሚያስፈልጋቸው ሌንሶችም አሉ። ይህ ስያሜ በቅን አነጋገር የሚገባው ለእነርሱ ነው። በጥብቅ አገባቡ ዙም የሚባለው ማካካሻ ያለው፣ ምስሉን ሳይለቅቅ የሚለወጠው ነው። አንድ ተርጓሚ ለሁለቱም ይህንኑ ሐረግ ቢጠቀም፣ ስለ ሁለቱ ልዩነት የተጻፈ ዓረፍተ ነገር ሲያጋጥመው የሚለው ነገር ያጣል።

እዚህ ላይ ሐቁን መደበቅ አይገባንም። ዛሬ ለፎቶግራፍ ካሜራ ከሚሠሩት ሌንሶች ብዙዎቹ «ዙም» እየተባሉ ትኩረታቸውን ፍጹም አይጠብቁም፤ ካሜራው ራሱ በፍጥነት ስለሚያስተካክለው ጉድለቱ አይታወቅም። ልዩነቱን አጥብቆ የሚጠብቀው የፊልም ሥራ ነው፤ እዚያ ለውጡ ሲካሄድ ተመልካቹ እያየ ነውና። ስለዚህ መዝገበ ቃላቱ ጥብቁንና ላላ ያለውን አገባብ ለይቶ ማስፈር ይኖርበታል።

መ. «ዙም»

የውጭውን ቃል እንዳለ መቀበል የስንፍና ምልክት ነው የሚሉ አሉ። እኛ በጥቅሉ አንስማማም። ሌንስ የሚለው ራሱ ውሰት ነው። በላቲን ምስር ማለት ሲሆን፣ ስሙ የመጣው የመስተዋቱ ቅርጽ የምስር ክክ ያልሆነውን ፍሬ ስለሚመስል ነው፤ «ምስሪት» የሚለውን አማርኛ የመሠረቱትም ይኸንኑ መንገድ ተከትለዋል። «ምስሪት» ያማረ አፈጣጠር ቢሆንም በአፍ የጸናው «ሌንስ» ነው። ባለሙያው በሥራው ላይ ሆኖ ያጸናውን ቃል ከጽሕፈት ጠረጴዛ ተነሥቶ መንቀል ብዙ ጊዜ አይሳካም።

«ዙም» በአማርኛ ሰዋስው ውስጥ በቀላሉ ይገባል። ድምፅ አስመሳይና ሁኔታ ገላጭ ቃሎቻችን «አለ» እና «አደረገ» ከሚሉት ግሶች ጋር ተጣምረው ግስ ይሆናሉ፤ ዥው አለ፣ ውር አለ፣ ብልጭ አደረገ እንደምንለው ሁሉ ባለሙያዎቻችንም «ዙም አደረገ» ይላሉ። በትውልዱ ድምፅ አስመሳይ የነበረ ቃል በአማርኛ የድምፅ አስመሳዮችን እርባታ መያዙ የሚያስደስት አጋጣሚ ነው።

እንከኖችም አሉት። «ዙም» ከ«ዝም» በአንዲት አናባቢ ብቻ ይለያል፤ ጫጫታ በበዛበት የቀረጻ ቦታ «ዙም አድርገው» እና «ዝም አድርገው» ቢምታቱ አይደንቅም። ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ብቻውን የቆመ «ዙም» ለብዙ ሰው በኢንተርኔት የሚደረግ ስብሰባ ማለት ሆኗል። ሁለቱም እንከኖች ስሙ ሁልጊዜ «ዙም ሌንስ» ተብሎ ሲጻፍ ይወገዳሉ። የሚቀረው ትልቁ ጉድለት ግሱ ነው። «ዙም አደረገ» አቅጣጫውን አይናገርም፤ ወደ ረጅሙ ነው ወይስ ወደ አጭሩ? ባለሙያዎችም አቅጣጫውን ለመግለጽ ተመልሰው «አቅርበው፣ አርቀው» ይላሉ፤ በበር ያስወጣነው በመስኮት ይገባል።

የምናቀርበው ሐሳብ

ስሙን ከባለሙያው፣ ግሱን ከድርጊቱ እንውሰድ። ለመሣሪያው «ዙም ሌንስ» ይጽና። ለድርጊቱ ግን ነገሩ በእርግጥ የሚሆነውን የሚናገር አማርኛ አለን፤ እይታ ይጠብባል፣ እይታ ይሰፋል። ካሜራ ሲንቀሳቀስ «ተጠጋ፣ ራቀ» ይባል፤ ሌንስ ሲዞር «እይታውን አጠበበ፣ እይታውን አሰፋ» ይባል። በዚህ አከፋፈል የሂችኮክ ትዕይንት «ካሜራው በአንድ አቅጣጫ ሲጓዝ የሌንሱ እይታ በተቃራኒው ይለወጣል» ተብሎ ያለ ግጭት ይጻፋል። የፎቶግራፉም መግለጫ «ከሩቅ፣ በጠባብ እይታ የተነሣ» ይሆናል፤ የፎቶ አንሺው ቦታ አይሰረዝም።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሊነሣ የሚችል አንድ ተገቢ ተቃውሞ አለ። «አጥብበው» የሚለው ቃል ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ ለማጥበብም ያገለግላል። ስለዚህ «እይታ» የሚለው ቃል ከግሱ እንዳይለይ እናሳስባለን። በሥራ ላይ ያለ ሰው ማሳጠሩ አይቀርም፤ መጽሐፍ ግን ማሳጠር የለበትም። ሌላው ተቃውሞ ከማይክሮስኮፕና ከሩቅ ማሳያ መነጽር በኩል ይመጣል። በእነዚህ ላይ በመሣሪያው የሚጻፈው ማጉያ መጠን ነው፤ «ከ8 እስከ 24 ጊዜ» የተባለ መነጽር በእርግጥ ነገሩ በዓይን ብቻ ከሚታይበት መጠን 8 ጊዜ አጉልቶ ጀምሮ እስከ 24 ጊዜ ያጎላል፤ የዙሙ ውድር ግን 3 ብቻ ነው። እዚህ «ማጉላት» ትክክለኛ ቃል ነው። አንድ የውጭ ቃል በሁለት መሣሪያዎች ላይ ሁለት አማርኛ ቢጠይቅ ተርጓሚው ሊደነግጥ አይገባውም፤ መጠየቅ ያለበት ቃሉ ምን ይላል ሳይሆን በዚህ መሣሪያ ላይ ምን ይለወጣል ብሎ ነው።

በዚህ መሠረት ለመዝገበ ቃላት ይበጃሉ ያልናቸውን ፍቺዎች እናስቀምጣለን።

ዙም ሌንስ፦ የትኩረት ርቀቱ በሁለት ወሰኖች መካከል ሳይቋረጥ የሚለወጥ የሌንሶች ስብስብ፤ በጥብቅ አገባቡ፣ ለውጡ ሲካሄድ ምስሉን ከትኩረት የማያወጣ።

ባለተለዋዋጭ የትኩረት ርቀት ሌንስ፦ የትኩረት ርቀቱ የሚለወጥ፣ ነገር ግን ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ትኩረቱን እንደገና ማስተካከል የሚያስፈልገው ሌንስ።

እይታ ማጥበብ፦ ካሜራው ከቦታው ሳይነቃነቅ የዙም ሌንስን የትኩረት ርቀት ማስረዘም።

እይታ ማስፋት፦ የዚሁ ተቃራኒ፤ የትኩረት ርቀትን ማሳጠር።

የዙም ውድር፦ የአንድ ዙም ሌንስ ረጅሙ የትኩረት ርቀት ለአጭሩ ሲካፈል የሚገኝ ቁጥር፤ የማጉያ መጠን አይደለም።

ከርክሞ ማጉላት፦ የተነሣን ሥዕል ዳር ቆርጦ ቀሪውን መዘርጋት፤ በገበያ «ዲጂታል ዙም» የሚባለው።

እነዚህ ፍቺዎች የመጨረሻ ቃል ናቸው አንልም። ካሜራ ይዘው የሚውሉ ሰዎች ከእኛ የተሻለ ቃል በአፋቸው ሊኖር ይችላል፤ ካለም መዝገበ ቃላቱ እርሱን መቀበል ይገባዋል። የምንጸናበት ነገር አንድ ብቻ ነው። የተመረጠው ቃል ማንም ቢያወጣው፣ ካሜራ የቆመበትን ቦታና ሌንስ ያደረገውን ለውጥ አንድ አድርጎ የሚያቀርብ ከሆነ አይቀበሉት። ተማሪው በዚያ ቃል ካነበበ በኋላ ሁለቱን ለመለየት መጀመሪያ ቃሉን መርሳት ይኖርበታልና።